የከሰሉ ዕጣ

በሕይወቴ ዕጣ የጣልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አጭበርብሬ ነው የጣልኩት። ስምንት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት፣ አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል፣ ከተማ የሚያሰኛት የባቡር ጣቢያውና በዙሪያው የተኮለኮሉት ጎጆዎች ብቻ በነበሩበት ጊዜ ነው። ዕጣ የተጣለባቸውም አራት ቡችሎች ናቸው። ለአራት ቡችላ ብሎ ዕድሜ ልኩን የሚጸጸት ሰው አለ ወይ የሚለኝ ቢኖር አልቀየመውም። እኔም ብሆን ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ መጀመሪያው ላይ መሳቄ አይቀርም ነበር።

አባቴ አብተው የጣቢያው ዘበኛ ነበር። ቤታችን ከሐዲዱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጣሳዎች ይንጫጫሉ። በቅንጭብ አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ጋሽ ሱሩር ከወሎ የመጡ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። አርሲዎችና ከረዩዎች የሚያመጡላቸውን ቆዳ ሥጋና ሞራውን ያስፍቁና፣ ጨው ነስንሰው፣ በችካል ወጥረው ያደርቁታል፤ ከዚያ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ሽታውን ለምደነው ከምግባችን ጋር እንበላው ነበር። እናቴ ዘውድነሽ በሽታው ስትማረር አባቴ፣ እሱስ የባቡራችንን ጭስ ችሎ የለም ወይ ይላታል።

ጋሽ ሱሩር ሚስታቸው ሞተውባቸው ከአንዲት ልጃቸው ከበድሪያ ጋር ነበር የሚኖሩት። በድሪያ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እሷም ይህን ሁለት ዓመት አንድም ቀን አስረስታኝ አታውቅም። በአጥሩ ሥር ውሾቹ የፈለፈሏት ቀዳዳ ነበረች። እኔና በድሪያም በዚያችው ነበር የምንመላለሰው፤ የቀሚሳችን ጀርባ ሁልጊዜ በቅንጭብ ወተት የተበላሸ ነው።

የእኛዋ ውሻ ዳማ ትባላለች፣ የእነሱ ጉራቻ። ስሙ በኦሮምኛ እንደሚለው ጥቁር ነው፣ ድምፁ ደግሞ ከአካሉ ይበልጣል። የቆዳው ሽታ ጅብ ስለሚጠራ ጉራቻ የተያዘው ለጅቡ ነው። ዳማ ስታረግዝ ከማን እንደሆነ ለማወቅ ምስክር አላስፈለገም። ጋሽ ሱሩር አጥሩ ጋ መጡና እናቲቱ የአብተው፣ አባትየው የሱሩር፣ የሚወለደው እኩል ነው አሉ። አባቴም ሳቀና እጁን ዘረጋላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆዳው የሚፋቀው ሥጋ በጣሳ ተደርጎ ለዳማ ይመጣላት ጀመር። ነፍሰ ጡር ናት ይሉ ነበር ጋሽ ሱሩር፣ ስለ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ።

በጥር ወር አራት ወለደች፤ ሦስቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት። ሴቷ ከሁሉም ታንሳለች። ቡናማ ሆና የጭራዋ ጫፍ ብቻ ወተት ውስጥ የነከሩት ይመስል ነጭ ነበር። ለማንም ሳልናገር ብርቄ ብዬ ስም አወጣሁላት። ሌሊት ብርድ እንዳይመታት ብዬ ከእናቴ ነጠላ ጫፍ ቀድጄ አልብሻታለሁ፤ ለነጠላውም በደንብ ተገርፌያለሁ።

ጋሽ ሱሩር በየቀኑ ብቅ ይሉ ነበር። ቁጢጥ ብለው፣ ዓይናቸው ተከፈተ ወይ፣ ሁሉም ይጠባሉ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። አንዳንዴም አንዱን ያነሱታል። ቡችላ ደግሞ ያገኘውን መላስ ነው። ከላሳቸው ቀስ አድርገው ያስቀምጡትና፣ እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ይዘው ወደ ግቢያቸው ይሄዳሉ። በቀዳዳዋ አሾልቄ አያቸው ነበር። አንዴ በአፈር ያሹታል፣ ከዚያ በውሃ፣ ደግሞ በውሃ። ቆጥሬዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ ነው። እናቴን ብጠይቃት ሃይማኖታቸው ነው፣ ተያቸው አለችኝ። ለእኔ ግን ሃይማኖት አንገቴ ላይ ያለው ማተብና የእሑድ ቅዳሴ እንጂ እጅ መታጠብ አልነበረም። እኔ እጄን የምታጠበው ቆሻሻ ስነካ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሱሩር ቡችሎቹን ይጠየፏቸዋል አልኩ በልቤ። የውሻ ምራቅ ከነካቸው ሰባት ጊዜ ሳይታጠቡ መስገድ እንደማይችሉ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ እያወቁ ግን በየቀኑ መጥተው ያነሷቸው እንደነበር የገባኝ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ እናቴ አባቴን፣ ሴቷን ምን ልታደርጋት ነው አለችው። አባቴ ሳያላምጥ ዋጠና፣ "ሰው የሚያደርገውን ነዋ" አላት። እናቴ ወደ እኔ በዓይኗ ጠቀስ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ሰው ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም፤ ስለዚህ በማግሥቱ ሁሉን አዋቂዋን በድሪያን ጠየቅኳት። ሴት ቡችላ ስታድግ የአገሩን ውሻ ሁሉ እየሰበሰበች ታስቸግራለች፣ ስለዚህ ሰዎች በጆንያ ከትተው ገደል ይጥሏታል አለችኝ። የትኞቹ ሰዎች ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች።

የትኞቹ ሰዎች እንደሆኑ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። አባቴ እንዳይሆን አባቴ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ባቡር የሚያሳየኝ፣ እሾህ ሲወጋኝ በጥርሱ የሚያወጣልኝ ሰው ከእነዚያ "ሰዎች" ውስጥ ሊገባ አይችልም። ከሰዓት በኋላ በቀዳዳዋ ሳይ ጋሽ ሱሩር እጃቸውን በአፈር ያሻሉ። ሌላ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ቡችሎቹ ጡት ሲተዉ የመካፈያው ቀን ደረሰ። ዕጣውን እንዲያስጥሉ የተጠሩት ኦቦ መርዳሳ ነበሩ፤ ከከተማዋ በፊት እዚያው አገር የነበሩ፣ ድንበር ሲጣሉም ከብት ሲካፈሉም ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። አራቱን ቡችሎች አገላብጠው አዩአቸው። ትልቁን ወንድና ትንሿን ሴት በአንድ ጆንያ ላይ አስቀመጡ፣ መካከለኞቹን ሁለት ወንዶች በሌላው ጆንያ ላይ። በዚህ ይመጣጠናል አሉ፤ ሁለቱም ባለቤቶች ተስማሙ።

የዕጣው ሥርዓት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የፈለገውን ትንሽ ነገር በድብቅ ለሽማግሌው ይሰጣል። የማን የትኛው እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና ሁለቱን ይቀበላል፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ይጥላል። የአንተ ዕቃ ያረፈበት ድርሻህ ነው። ልጅ አያዳላም ተብሎ ነው፤ ከተጣለ በኋላ ደግሞ አይመለስም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንድቆም ተደረግኩ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ ኦቦ መርዳሳ፣ "ኮቱ ኢንተለ ኮ"፣ ነይ ልጄ ብለው ጠሩኝና በመዳፌ ላይ ሁለት ነገር አኖሩልኝ፤ አንድ ነጭ ጠጠርና አንድ ቁራጭ ከሰል።

ቀና ስል አባቴ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። አውራ ጣቱና ጠቋሚው ጥቁር ነበሩ።

ዛሬ ሳስበው ትልልቆቹ ሰዎች ምን ያህል የዋህ እንደነበሩ ይገርመኛል። የባቡር ዘበኛ እጁ የገባውን ከሰል ሰጠና ማንም አያውቅም ብሎ ቆመ። ለጊዜው ግን የታየኝ ብርቄና ጆንያ ብቻ ናቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እንደሚያመነታ ሰው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አልኩና፣ ከሰሉን ብርቄ ያለችበት ላይ ጣልኩት። ኦቦ መርዳሳ መረቁኝ። ጥሩ ልጅ ነሽ፣ እጅሽ የተባረከ ይሁን አሉኝ። እኔም ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ነገሩ በዚያ ባበቃ። ጋሽ ሱሩር ግን ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ አባቴን ወደ ጎን ጠራ አደረጉትና ሴቷን እንዲሰጣቸው ለመኑት። ከአዋሽ ማዶ ፉፋ የሚባል ደንበኛ አላቸው፤ ጅብ ውሻውን ገድሎበት ሴት ቡችላ አደራ ብሏቸዋል። በምትኳ ከወንዶቹ አንዱን እመልስልሃለሁ አሉት። አባቴ ደስ ብሎት ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ጩኸቴን ለቀቅኩት። ስለ ፉፋ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ግን ከብዙ ቃል ውስጥ የያዝኩት ጋሽ ሱሩር ብርቄን ይፈልጋሉ የሚለውን ብቻ ነበር። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ በሰው ፊት አፈረና ልጄ ከወደደቻትስ ትቅር አላቸው። ጋሽ ሱሩርም ራሴን ደባብሰው ሄዱ። የደባበሱኝን ፀጉር በቀሚሴ ጠረግኩት።

ብርቄ ከእኛ ጋር የቆየችው አሥራ ሁለት ቀን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቴ ለእህቷ ልጅ ክርስትና ሞጆ ይዛኝ ሄደች፤ በባቡር ሄደን በማግሥቱ በባቡር ተመለስን። ከጣቢያው እስከ ቤት ሮጥኩ። ዳማ አለች፣ ትልቁ ወንድ አለ፣ ብርቄ የለችም። ከአልጋ ሥር፣ ከማጀት፣ ከቅንጭቡ ሥር ፈለግኳት። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የፋኖስ መስታወት ይወለውል ነበር።

"ጠፋች" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

"ጋሽ ሱሩር ናቸው የወሰዷት" አልኩት።

አባቴ መወልወሉን ቀጠለ። አይደለም አላለኝም። ያንን ዝምታ ያኔ እንደ አዎንታ ቆጠርኩት፤ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

በማግሥቱ የጋሽ ሱሩር ግቢ ቆዳ ባመጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ኦቦ መርዳሳም ከእነሱ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በቀዳዳዋ ሳይሆን በትልቁ በር ገባሁ። እስከዚያች ቀን ድረስ ጋሽ ሱሩርን እርስዎ እንጂ አንተ ብዬ አላውቅም።

"አንተ ሌባ፣ ብርቄን አምጣ" አልኳቸው።

በድሪያ በእጇ የጨው ቁና እንደያዘች ደንዝዛ ቀረች። ሻጮቹ ቆዳቸውን ያለ ምስክር ለጋሽ ሱሩር ትተው እየሄዱ፣ ሒሳቡን ከሳምንት በኋላ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። የጋሽ ሱሩር ንግድ እምነት ነበር፤ ሌላ ብዙ ነገር አልነበራቸውም። ይህን ግን የስምንት ዓመት ልጅ ከየት ታውቀዋለች።

ኦቦ መርዳሳ አባቴን አስጠሩት። አጥሩ ማዶ መጥቶ ቆመ። ቡችላ ጠፍቶብሃል ወይ አሉት፤ ጠፍቶብኛል አለ። ማን ወሰደው ቢሉት አላየሁም አለ፤ ድምፁ እንደታመመ ሰው ነበር። ሽማግሌው ወደ ጋሽ ሱሩር ዞሩ። ልጅ ምን ይላል ተብሎ መታለፍ ነበረበት፤ ነገር ግን ዕጣ የተጣለበት ነገር ነው፣ ያስጣልኩትም እኔ ነኝ አሉ። በእኛ አገር ዕጣ ያፈረሰ ሰው ከሌባም ይብሳል። "ቁርአንህን ያዝና አልወሰድኩም በል፤ ከዚያ ነገሩ ከአንተ ላይ ይነሳል" አሏቸው።

ጋሽ ሱሩር አባቴን አዩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ።

"አልምልም" አሉ። "ቡችላ ግን ለልጅቷ አመጣላታለሁ።"

መሐላ የሸሸ እንዳመነ ይቆጠራል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ተነስቶ ሊሸጥ ያመጣውን ቆዳ መልሶ አህያው ላይ ጫነ። እኔ ደግሞ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ እያየ ልክ ሆንኩ።

ያን ቃላቸውን ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ወሰድኩ አላሉም። አንዲት የሐሰት ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። አልወሰድኩም ብለው ቢምሉ ደግሞ እውነት ነበርና በንጽሕናቸው ይወጡ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ከማሉ ቀጥሎ ማል የሚባለው አባቴ ነው። ሌላ ሰው በቤት አልነበረም። በመስቀል ላይ እጁን ጭኖ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ወይ በሐሰት ሊምል ነው፣ ወይ በልጁ ፊት እኔ ነኝ ሊል ነው። ጋሽ ሱሩር ይህን ሁሉ በዚያች አንድ እይታ አስበው ጨረሱት። እኔ ለማሰብ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በቅንጭቡ ቀዳዳ የግራር እሾህ ሞላበት። ተናዶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጋሽ ሱሩር በመንገድ ሲመጡ ካየ ወደ ሐዲዱ ይሻገራል፤ ተቀይሞ ነው አልኩ። በድሪያን "የሌባ ልጅ" ብዬ መጀመሪያ የሰደብኳት እኔ ነኝ፤ ከዚያ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተቀበለኝ። አንድ ቀን ጣቢያው ውሃ ስንቀዳ ብቻዋን ጥግ ላይ ቆማ አየኋት። ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ገፍቻት አለፍኩ። ሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ልጅ፣ በጥፊ ልትለኝ የምትችል ልጅ፣ እንስራዋን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች።

መስከረም ላይ ጋሽ ሱሩር ደጃችን መጡ። ከአዋሽ ማዶ ሰንብተው መመለሳቸው ነበር፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። በጠፍር ያሰሯት ቡናማ ውሻ አብራቸው ቆማለች፤ ጎረምሳ፣ እግረ ረጅም፣ የጭራዋ ጫፍ ነጭ።

"ይኸውልሽ ሸዋወርቅ" አሉኝ። "አብሽሪ፣ ከእንግዲህ አታልቅሺ።"

ውሻዋ አላወቀችኝም። ብርቄ ብላት ዞር ብላም አላየችኝ። ነጩም እስከ ጭራዋ ግማሽ ይደርስ ነበር። አብሯት አድጎ ነው ብዬ ለራሴ መለስኩ፤ መርሳቷንም በእሳቸው ላይ ጻፍኩት። ጠፍሩን ከእጃቸው ስቀበል ውሻዋ እጃቸውን ላሰቻቸው። ከጣቢያው አጠገብ ካለው ትንሽ መስጊድ የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ይሰማ ነበር።

"ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ውሃ" አሉኝ።

ከኋላዬ ከባቡሩ ውሃ የሞላነው በርሜል አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ጣሳው በላዩ ላይ ተንሳፎ ነበር። ከቆሙበት ቦታ ይታያል።

"ውሃ የለም" አልኳቸው።

በርሜሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እሺ ብለው እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ይዘው ሄዱ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እስኪገቡ ድረስ አየኋቸው፤ ቂሜን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ አባቴ ከሥራ ሲመጣ ውሻዋን አየና በሩ ላይ ቆመ። ማን አመጣት አለኝ። ሌባው መለሳት አልኩት። እራቱን ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናቴ ምን ሆነህ ነው ብትለው ወገቤን ነው አላት።

በዓመቱ ጋሽ ሱሩር ቤታቸውን ሸጡ። በዱቤ ቆዳ የሚተውላቸው ሰው አልነበረም፤ ያለ እሱ ደግሞ ንግዱ አይሄድም። ልጃቸውንና ጉራቻን ይዘው ወደ መቂ በኩል ወረዱ፤ በኋላ ዓለም ጤና ከተማ መቀመጣቸውን ሰማን። ውሻዋ አሥራ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች። ሴት ናትና በድሪያ እንዳለችው የአገሩን ውሻ ሁሉ እየሰበሰበች አስቸገረችን፤ አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ በእግሩ ገፋ አድርጓት አያውቅም። ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ይቺ ውሻ ሌባ ጎረቤታችን ሰርቆ የመለሳት ናት እያልኩ አወራ ነበር። አባቴ ያን ጊዜ ይነሳና ወደ ውጭ ይወጣል።

በአርባ አራት ዓ.ም. አባቴ አልጋ ላይ ወደቀ። እኔ የሠላሳ ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ገላውን ሳጥበው እጄን ያዘኝ።

"ያቺን ቡችላ እኔ ነኝ በጆንያ ከትቼ የወሰድኳት" አለኝ። "ሱሩር ለሶላት ሲነሳ ጆንያውን ተሸክሜ ስወጣ አይቶኛል። ምንድን ነው አለኝ። ቆሻሻ ነው አልኩት። ጆንያው ውስጥ ታለቅስ ነበር።"

ለምን ያኔ አልነገርከኝም አልኩት። ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ ግን የያዘኝ እጅ አጥንት ብቻ ነው።

"አንቺ እኔን የምታዪበት ዓይን ነበረሽ" አለኝ። "እሱን ማጣት ፈራሁ። ሱሩርም ገብቶታል። ሄደሽ ንገሪው፤ እኔ አልቻልኩም።"

ያኔ ነው እኔም ስለ ከሰሉ የነገርኩት። ሳቅ መሰል ነገር ደረቱን ነቀነቀውና እንባው መጣ። ዕጣው በትክክል ተጥሎ ለጋሽ ሱሩር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም እኔ ያን ቀን መሬት ላይ ባልንከባለል፣ ብርቄ ከአዋሽ ማዶ ፉፋ ቤት ወተት እየጠጣች ታድግ ነበር። ዕጣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ የገደላት አባቴ ነው፣ ሌባ የተባሉት ጋሽ ሱሩር ናቸው። አባቴ በሳምንቱ ሞተ።

እና ወዲያው ሄድኩ? አልሄድኩም። ልጅ ታሞብኝ ነበር፣ ክረምት ነበር፣ ተዝካሩ ነበር። ሰው መሄድ ካልፈለገ ምክንያት አያጣም። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ዓመት ሽንኩርት ጭኖ ሊመለስ ወደ ዓለም ጤና በሚወርድ መኪና ላይ ወጣሁ።

የጋሽ ሱሩርን ቤት ጠይቄ የተነገረኝ የበድሪያን ቤት ነው። እሳቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያን ቀን ሁለቱን ዓመት ወደ ኋላ ለመቁጠር ብዙ አልደከምኩም፤ በተዝካሩ ማግሥት ብሄድ በሕይወት አገኛቸው ነበር።

በድሪያ ወፍራም፣ ድምፀ ዝግ ሴት ሆናለች። ከደጃፍ አወቀችኝ። ግቢ አለችኝ እንጂ አልሳመችኝም። ስለ ልጆች ጠየቅኳት፣ ስለ ልጆች ጠየቀችኝ። ምሳ ቀረበ። እጄን ልታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ከፊቴ ስትቆም እጄን ሳልዘረጋ፣ ሳልበላ የምነግርሽ ነገር አለ አልኳት። ነገርኳት። ከሰሉን፣ ሞጆን፣ አባቴንና ጆንያውን፣ በርሜሉን፣ ሁሉንም። ሳትቀመጥ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ሰማችኝ።

"ታዲያ አልወሰደም?" አለች ስጨርስ።

"አልወሰዱም።"

"ያቺ የመለሳትስ ውሻ?"

ሌላ ናት አልኳት። እንደዚያች ያለች ሲፈልጉ ነው እስከ መስከረም የቆዩት።

በድሪያ መስኮቱን አየች። ውጭ የሽንኩርት ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች ይጯጯሃሉ።

"ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ጠየቅኩት" አለችኝ። "አባዬ፣ ያቺን ቡችላ ለምን ሰረቅክ አልኩት። ለአንዲት ውሻ ብለህ ከቤታችን አስወጣኸን፣ እኔን የሌባ ልጅ አሰኘኸኝ አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው ነበር።"

"ምን አሉሽ?"

"አፉ በይኝ ልጄ አለኝ። እኔም አፉ ብዬሃለሁ አልኩት።" ማንቆርቆሪያውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ሌባ ነህ ብዬ አፉ አልኩት፣ ሸዋወርቅ። እንደዚያ አድርጌ ነው የቀበርኩት።"

እኔም አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። የመጣሁት ለዚያች ቃል ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ግን በእኔ አፍ ላይ የምትቀመጥ አልመሰለኝም።

በድሪያ ሳፋውን ከሥሬ አደረገች።

"እጅሽን ዘርጊ" አለችኝ።

ዘረጋሁ። ውሃውን አንቆረቆረችልኝ። በእሽታ ላይ እሽታ፣ እንደ ልጅነቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሰባት ላይ ደረስኩ፣ አለፍኩት። እሷም አላቆመችም፣ እኔም እጄን አልሰበሰብኩም። ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን ድረስ አንዳችንም በቃ አላልንም።